ነጥቡን የደመርኩት እኔ ነበርኩ፦ የአንድ የድሬዳዋ ጊታር ውድድር ጉዳይ

ወረቀቶቹ አሁንም እኔ ጋ አሉ። ሦስት ዳኞች፣ አምስት ተወዳዳሪዎች፣ አሥራ አምስት ቅጽ። አንዱ ቅጽ ላይ 55 የሚል ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። የምጽፈው ስለዚያ ቁጥር ነው።

ነገሩ የሆነው ድሬ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ አዳራሽ ነው። ጥቂት ሙዚቃ ወዳድ ወጣቶች ተሰባስበው የጊታር ውድድር አዘጋጁ። ሽልማቱ አንድ አዲስ ጊታር ነበር። እኔ ጊታር አልችልም። ቁጥር ላይ ደህና ስለሆንኩ “ነጥብ ደምርልን” አሉኝ፣ እሺ አልኩ። የማንንም ስም አልጠራም። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁላችንም ነገ ተመልሰን እንገናኛለን።

ለውድድሩ ቦታ መምረጥ አላስቸገረንም። ድሬ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ በመጣው ባቡር ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ብዙ ቋንቋ፣ ብዙ ዜማ አብሮ ያደገባት ናት። የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድኑ አፍራን ቀሎ የተመሠረተው እዚሁ ነው። ዓሊ ቢራ የተወለደው እዚህ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሲያርፍም የተቀበረው እዚሁ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ክር ያለው መሣሪያ ያነሳ ልጅ ሁሉ ዓሊን ሳያስብ አይቀርም። ስለዚህ “ተወዳዳሪ ይገኝ ይሆን?” ብለን አልተጨነቅንም። የተጨነቅነው ለዳኛ ነበር።

ዳኛ ስንፈልግ ያሰብነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጊታር የሚችል ሰው ይሁን። ዘፋኝ ዳኛ፣ ባለሀብት ዳኛ፣ ታዋቂ ስለሆነ ብቻ የተጠራ ዳኛ አንፈልግም አልን። በዚህ አሁንም አላፍርም። ተሳክቶልንም ነበር፤ ሦስቱም ከተማው የሚያውቃቸው ጊታሪስቶች ናቸው።

አንዱ ዕድሜውን በሙሉ በሆቴልና በባንድ ሊድ ጊታር ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ልጆቹ “ጋሼ” ይሉታል፣ እኔም ጋሼ ልበለው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ሄዶ ጊታርን በኖታ የተማረ፣ ከዚያ ተመልሶ ልጆች የሚያስተምር ነው። እሱን መምህሩ እለዋለሁ። ሦስተኛው የሰርግ ጊታሪስት ነው። በአንድ ሌሊት ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ ያጅባል። ዘፋኙ ኪይ (የዘፈኑን መነሻ ድምፅ) ሳይነግረው ጀምሮ እሱ ግን በሁለተኛው ምት ላይ አብሮት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ።

የውጤት ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አራት መስመር አለው፦ ቴክኒክ፣ ቅኝት፣ ምት፣ አቀራረብ። እያንዳንዱ ከ25፣ ድምሩ ከ100። ቅጹን ለዳኞቹ የሰጠናቸው በር ላይ፣ ከሻይ ጋር ነው። ምንም አላብራራንም። “ባለሙያ ናቸው፣ ለእነሱ ምን ይነገራቸዋል?” ተባለ። እኔም አብሬ ብያለሁ። ስህተቱ ያን ጊዜ እንደተጀመረ አሁን ይታየኛል፤ ያኔ ግን አክብሮት ነበር የመሰለኝ።

የድሬ ቀን ሙቀት አያስቀምጥምና ከመግሪብ በኋላ ጀመርን። ተራው በዕጣ ወጣ። የመጀመሪያው ዕጣ ለአንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ደረሰ።

ልጁ የራሱ ጊታር አልነበረውም። አዘጋጆቹ ያቀረቡትን የናይለን ክር ጊታር ተቀበለ። ረዳታችን እያንዳንዱን ክር በቲዩነር (በድምፅ መለኪያ) አስተካክሎ ነበር የሰጠው። ልጁ ተቀመጠ፣ ጊታሩን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ከዚያ እጁን ወደ ላይ ሰዶ የሁለተኛዋን ክር ቁልፍ ትንሽ አዞረ። አዳራሹ ሁሉ አየው። መምህሩ ወዲያው አንገቱን ደፍቶ ቅጹ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ልጁ ገና አንድ ድምፅ አላሰማም።

ከዚያ ትዝታ ጀመረ። አጀማመሩ ጊታር አይመስልም። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ብቻ ነው የሚመታው። አንዳንዴ ስድስቱንም ክር አንድ ላይ ይጠርጋቸዋል፤ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ የሚፈልጋትን ብቻ ይለቃታል። ክራር ሲደረደር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከኋላ ወንበር ላይ የነበሩ አንድ እናት እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቀሩ። እኔ ቁጥር ደማሪ ነኝ፣ ግን ከደብተሬ ቀና አልኩ።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተወዳዳሪ ደህና ነበሩ፤ ለሽልማት ግን አልተጠጉም። አራተኛው ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ መጥቶ መብራት ጠፋበት። ጀነሬተር አልነበረንም። ሳይማረር ያንኑ የናይለን ጊታር ተውሶ ተጫወተ፤ ለእሱ አሁንም ባርኔጣዬን አነሳለሁ። የመጨረሻዋ አንዲት ልጅ ነበረች። መብራት ተመልሷል። የእግር ማስቀመጫ ዘርግታ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ከስፔን የመጣ አጭር ክላሲክ ሥራ አንዲት ድምፅ ሳትስት ተጫወተች። ቆንጆ ነበር። የመምህሩ ተማሪ እንደሆነች አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የጠየቀ ግን የለም።

ከዚያ ቅጾቹ ወደ እኔ መጡ። የሦስቱን መሪዎች ነጥብ እንዳለ ላስቀምጥ።

የሳቢያኑ ልጅ ከጋሼ 88፣ ከመምህሩ 55፣ ከሰርጉ ሰው 86 አገኘ። ድምሩ 229።

መብራት የጠፋበት ልጅ 85፣ 78፣ 84። ድምሩ 247።

የመጨረሻዋ ልጅ 84፣ 90፣ 82። ድምሩ 256።

ደንባችን “ከፍተኛ ድምር ያሸንፋል” ይላል። ደመርኩ፣ ደግሜ ደመርኩ፣ ለመድረክ መሪው ሰጠሁት። ልጅቷ አንደኛ ተባለች። የሳቢያኑ ልጅ ሦስተኛ።

ከኋላ አንድ ሰው “አቦ! ይሄማ አይሆንም!” አለ። ሌሎችም ተቀበሉት። እስካሁን የሚያመኝ የልጅቷ ነገር ነው። ጊታሩን ተቀብላ ቆመች። ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ወደ መምህሯ አየች፣ ወደ ሕዝቡ አየች። ምንም ያጠፋችው ነገር የለም። በደንብ ተጫወተች፣ አሸነፍሽ ተባለች፣ ደስታዋን ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልለበሰችውም።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ቅጾቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ቁጥሮቹን በወርድ ሳይሆን በቁመት አየኋቸው። ያኔ ነው ነገሩ የታየኝ። ጋሼ የሳቢያኑን ልጅ አንደኛ አድርጎታል። የሰርጉ ሰውም አንደኛ አድርጎታል። ከሦስት ዳኛ ሁለቱ አንደኛ ያሉት ልጅ ሦስተኛ ወጥቷል። እነዚሁ ሁለቱ ከሦስቱ የመጨረሻ ያደረጓት ልጅ ደግሞ አንደኛ ወጥታለች። ድምሩ ትክክል ነው። ፍርዱ ግን የአንድ ሰው ነው።

እንዴት ቢባል፣ ጋሼ ለአምስቱ ተወዳዳሪዎች የሰጠው ነጥብ በሙሉ ከ80 እስከ 88 ነው። የሰርጉ ሰው ከ79 እስከ 86። መምህሩ ከ48 እስከ 90። በአንዱ ዘንድ በአንደኛና በመጨረሻ መካከል ያለው ርቀት 8 ነጥብ ነው፣ በሌላው 7፣ በመምህሩ 42። ሲደመር የሚሰማው ርቀቱ ሰፊ የሆነው ዳኛ ድምፅ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ቢስማሙም ባይስማሙም ለውጥ አያመጡም። መምህሩ ይህን አስቦ አላደረገውም። እንደ አስተማሪ ነው ያረመው፤ አስተማሪ 48 መስጠት ያውቅበታል። ጋሼ ግን በኋላ ስጠይቀው “መድረክ ለመውጣት የደፈረን ልጅ እኔ ከ80 በታች አልሰጥም፣ ይከብደኛል” አለኝ። የጋሼ 80 እና የመምህሩ 48 አንድ ነገር ማለት ናቸው። እኔ ግን እንደ አንድ ገንዘብ ቆጥሬ ደመርኳቸው።

ሰው ሁሉ ያነሳው የተማሪዋን ጉዳይ ነበር። “መምህሩ ለራሱ ተማሪ አዳላ” ተባለ። እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ስለዚህ የመምህሩን 90 አውጥቼ የልጅቷን ነጥብ በሁለቱ ዳኞች ብቻ አሰላሁት። አማካይዋ 83 ሆነ። መብራት የጠፋበት ልጅ አማካይ 82.3። የሳቢያኑ ልጅ 76.3። ደረጃው ንቅንቅ አላለም! ውጤቱን የወሰነው 90ው አልነበረም። 55ቱ ነበር። ተማሪዋን መዳኘት አልነበረበትም፣ ይህ ግልጽ ነው፤ ችግሩ ያ ብቻ ነው ብለን ብንዘጋው ኖሮ ግን የሳቢያኑ ልጅ በሚቀጥለውም ዓመት ሦስተኛ ይወጣ ነበር።

55ቱ ከየት መጣ? ቅጹ ላይ አለ። ቴክኒክ 9፣ ቅኝት 10፣ ምት 20፣ አቀራረብ 16።

ያን ማታ ሦስቱ ዳኞች አልተለያዩም። ግቢው ውስጥ ሻይ ይዘው ተቀመጡ፣ እኔም ተጠጋሁ። መምህሩ ስሙ ሲነሳ ሰምቷልና ፊቱ ደክሟል።

“ልጁ የተቃኘ ጊታር ሰጥተነው አበላሸው” አለ። “በዓይናችሁ አይታችኋል። ቁልፉን አዞረ።”

የሰርጉ ሰው ሻዩን አስቀመጠ። “ወላሂ አላበላሸውም። ወደ ትዝታ ቃኘው እንጂ።”

ከዚያ ያንኑ ጊታር አምጥቶ አሳየን። ይህን በጥሞና ያየሁት ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። የጊታር ስድስት ክሮች በተለመደው ቅኝት ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። ትዝታ ከዶ ሲነሳ አምስት ድምፆች አሉት፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከስድስቱ ክሮች ከትዝታ ውጭ የሆነችው አንዲት ብቻ ናት፣ ሲ፤ ከቀጭኗ ክር ሲቆጠር ሁለተኛዋ። ልጁ እሷን በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ዶ አደረጋት። በቃ! አሁን ጊታሩን ሳይነኩ ቢጠርጉት እንኳ የሚወጣው ትዝታ ነው። ለዚህ ነው እንደ ክራር ሊደረድረው የቻለው። የሰርጉ ሰው ክሮቹን አንዴ ወደ ታች ጠረጋቸው። ማንም አልተናገረም። ቅኝት የሚለው ቃላችን ለክሩ ማስተካከያም፣ ለትዝታና ለባቲም፣ ለአምባሰልና ለአንቺሆዬም አንድ ነው። እኔ ቅጹ ላይ “ቅኝት” ብዬ ስጽፍ የትኛውን ማለቴ እንደሆነ አላሰብኩም። መምህሩ አንዱን አነበበ፣ የሰርጉ ሰው ሌላውን አነበበ። ሁለቱም የጻፍኩትን ነው ያነበቡት።

መምህሩ ጊታሩን ተቀበለ። እሱም አንዴ ጠረገው። ቆየት አለና “እሺ፣ ይሄ ገብቶኛል። አላየሁትም ነበር” አለ። ቀጥሎ ግን እንዲህ አለ፦ “መጨረሻ ላይ ሁለተኛዋ ክር ወርዳለች። እሱንስ ሰምታችኋል?”

ጋሼ ሳቅ አለ። “ሰምቻለሁ። ወርዳለች።”

መምህሩ ልክ ነበር። ክር በግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል ውጥረቱ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ናይለን ደግሞ ሲወጥሩት ወዲያው አይረጋም፤ ቀስ እያለ ይለጠጣል፣ ድምፁም ይወርዳል። የአዳራሹ ሙቀት ተጨምሮበት ልጁ ዘፈኑን ሲጨርስ ያቺ ዶ በትክክል ዶ አልነበረችም። እኔ አልሰማሁትም። ሕዝቡ አልሰማውም። ሦስቱም ጊታሪስቶች ግን ሰምተውታል። ዳኛው ጊታሪስት ይሁን ያልነው ለዚህ ነው። ሁለቱ ሰምተው ይቅር አሉት፣ አንዱ ሰምቶ ቀጣው። ስንት እንደሚያስቀጣ ግን ማንም ቀድሞ አልተነጋገረም።

ቴክኒክ ላይ 9 የሰጠበትን ስንጠይቀው “የግራ አውራ ጣቱ ከአንገቱ በላይ ወጥታ ታያለች፣ ቀኝ እጁ በሁለት ጣት ነው የሚሠራው” አለ። የሰርጉ ሰው በዚህ ተቆጣ። “ዓሊ ቢራን ኡድ አያያዝ ማን ፈተነው? ጆሮህን ትተህ በዓይንህ ነው የዳኘኸው!” ክርክሩ ትንሽ ጋል ብሎ ነበር። ግን ያነሳው ነገር የዋዛ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. ቺያ ጁንግ ጼይ የምትባል ተመራማሪ ባወጣችው ጥናት ሰዎች የሙዚቃ ውድድር አሸናፊን እንዲገምቱ ተደርጎ ነበር። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ያዩት ድምፁን ብቻ ከሰሙት በተሻለ አሸናፊውን ለይተዋል። ሙያተኛ ሙዚቀኞችም ከዚህ አልዳኑም። ዓይናችን ከጆሯችን ይቀድማል፤ መምህሩ ክሩ ሳይመታ የጻፈው ነገር ከዓይኑ የመጣ ነበር።

ተራም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ብራሰልስ በሚካሄደው የንግሥት ኤልሳቤጥ የሙዚቃ ውድድር ላይ ተመራማሪዎቹ ፍሎሬስና ጊንስበርግ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የተጫዋቾቹ ተራ በዕጣ እየወጣ እንኳ ቀድመው የሚጫወቱት ዝቅ ያለ ደረጃ የማግኘት አዝማሚያ እንዳላቸው አሳይቷል። ዳኛ መጀመሪያ ላይ ነጥቡን ይቆጥባል፣ የሚመጣውን አያውቅማ። የእኛ ልጅ አንደኛ ዕጣ ነበር፣ ልጅቷ የመጨረሻ።

ይህን ሁሉ የምለው “እነ እገሌም ተሳስተዋል” ለማለት አይደለም። ዋርሶ ላይ በ1980 እ.ኤ.አ. በሾፐን የፒያኖ ውድድር ተወዳዳሪው ኢቮ ፖጎሬሊች ለመጨረሻው ዙር ሳያልፍ ሲቀር ዝነኛዋ ፒያኒስት ማርታ አርጌሪች በተቃውሞ ከዳኝነት ወጥታለች። ከሷ የበለጠ ፒያኖ የሚያውቅ ዳኛ ከየት ይመጣል? ሌሎቹም ዳኞች ፒያኖ የሚያውቁ ነበሩ። እጅ ያለው ሰው ጆሮ አለው። ግን እያንዳንዱ ጆሮ የኖረበትን ሕይወት ይዞ ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው። ጋሼ ሆቴል ውስጥ ሰው እንዳይሄድ ሲጫወት ኖሯል፣ ስለዚህ የሚያቆይ ዜማ ይሰማል። መምህሩ ጣት ሲያርም ውሏል፣ ስለዚህ ጣት ይሰማል። የሰርጉ ሰው ከቅኝት ቅኝት ሲዘል ያድራል፣ ስለዚህ ቅኝት ይሰማል። ሦስት ጥሩ ጊታሪስት ሰብስበን ሦስት የተለያየ ውድድር ነበር ያካሄድነው።

ውጤቱን ገልብጡት ያሉ ነበሩ። አልገለበጥነውም። ልጆቹ የተወዳደሩት በተነገራቸው ደንብ ነው፤ ደንቡ ድምር ይላል። መጥፎ ደንብ ያወጣነው እኛ ነን፣ ከልጅቷ እጅ ጊታር የምንነጥቅበት ምክንያት አልነበረንም። ለሳቢያኑ ልጅ ግን የሆነውን ሁሉ፣ ቁጥሮቹን ሳይቀር፣ ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “ክሯ መውረዷን እኔም ሰምቻለሁ፣ ደንግጬ ነበር” አለኝ። ስለ ነጥቡ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

በዓመቱ እነዚያኑ ሦስት ሰዎች ጠራን። ሌላ ዳኛ አምጡ የሚል ግፊት ነበር፤ በተለይ መምህሩን ተዉት ተባልን። እኔ አጥብቄ ተከራከርኩ። ያንን የወረደ ክር ጠቅሶ የተናገረ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ አይጣልም።

የቀየርነው ብዙ አይደለም። ውድድሩ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ዳኞቹን አንድ ክፍል አስገብተን ከውድድሩ ጋር የማይገናኙ ሁለት ቅጂዎች አሰማናቸው። ነጥብ ስጡ አልን። ሰጡ። ቅጾቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን አሳየናቸው፣ ከዚያ ተከራከሩ። አንዱ ቅጂ ላይ ጋሼና መምህሩ በ30 ነጥብ ተለያዩ። ሰዓቱ ሲያልቅ ወደ 10 ወርዶ ነበር። ከዚህ በታች እንዲወርድ አልፈለግንም፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት የሚሰሙ ከሆነ ሦስት ሰው ምን ያደርጋል? ቅጹ ላይ “ቅኝት” የሚለውን ለሁለት ከፈልኩት፤ ክሩ መስተካከሉ ለብቻ፣ የዜማው ቅኝት ለብቻ። ክር በፈለጉት መንገድ መቃኘት እንደሚቻል በደንቡ ተጻፈ። የራሱ ተማሪ ተራ ሲደርስ ዳኛው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። በመጨረሻም ነጥቡን መደመር ትተን ደረጃውን ደመርን፦ እያንዳንዱ ዳኛ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይላል፣ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ያለፈውን ዓመት በዚህ ስሌት ብንሠራው የሳቢያኑ ልጅ 5፣ መብራት የጠፋበት 6፣ ልጅቷ 7 ይሆኑ ነበር። ይህም ጉድለት አለው፤ በጣም የበለጠውንና በጥቂቱ የበለጠውን አይለይም። ግን አንድ ዳኛ ብቻውን ሁለቱን አይውጣቸውም።

መጋረጃ እናድርግ፣ ዳኞቹ ማንን እንደሚሰሙ አይወቁ ያለም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙዚቀኛ ሲቀጥሩ ያደርጉታል። ለእኛ አልሆነም። ድሬ ውስጥ የልጁን የክር አመታት ሰምቶ “ይሄ የእገሌ ልጅ ነው” የማይል ጊታሪስት የለም።

አንድ ተጨማሪ ነገር የጋሼ ሐሳብ ነበር። እያንዳንዱ ዳኛ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከቁጥሩ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፣ ልጁም ይዞት ይሂድ። ይህ ከሁሉ በላይ ጊዜ በላ። ሕዝቡ ውጤት እየጠበቀ ሦስቱ አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ ከኋላ ማፏጨት ተጀምሮ ነበር።

የሳቢያኑ ልጅ ተመልሶ መጥቷል። አሁንም የተዋሰው ጊታር፣ አሁንም ትዝታ። ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛው ከሐረር የመጣ ልጅ ሆነ፣ የተቃወመ ሰው አልሰማሁም። ወረቀቱን ሲሰጡት አጠገቡ ነበርኩ። የመምህሩ ጽሑፍ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። “ሁለተኛዋን ክር ወደ ዶ ስታወጣት ከመድረክ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በጣትህ ሳብ አድርጋት፣ ትለጠጥ፣ ከዚያ መልሰህ ቃኛት። ዘንድሮ አልወረደችም፤ ማን ነገረህ?”

ልጁ አነበበው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መምህሩን ፍለጋ ወደ ግቢው ወጣ።